ፍቺውን አውቀዋለሁ፣ ስጽፈው ግን ይታረምብኛል

ጥያቄ፦ በቀን 20 ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነፍቺያቸው ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ አጠናለሁ። ከሳምንት በኋላ ግማሹ ይጠፋብኛል። የማስታውሳቸውንም ድርሰት ውስጥ ሳስገባቸው መምህሬ በቀይ ያሰምርባቸዋል። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ ችግሩ ሁለት ነው፤ ከከባዱ እንጀምር። ለአንድ ቃል አንድ የአማርኛ ፍቺ ብቻ የያዘ ሰው ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል አያውቅም። «ኖቶሪየስ»ን «ታዋቂ» ብሎ ያጠና ተማሪ «ኖቶሪየስ ዶክተር» ሲል ሐኪሙን ያሞገሰ ይመስለዋል፤ የጻፈው ግን «በክፉ ሥራው ስሙ የወጣ» ነው። «ሚቲጌት»ም «መቀነስ» ተብሎ ስለሚያዝ ከዋጋ ጋር ይጻፋል። ዋጋ ግን በ«ሪዲውስ» ነው የሚቀነሰው። «ሚቲጌት» የሚውለው ከ«ሪስክ»፣ ከ«ዳሜጅ»፣ ከ«ኢምፓክት» ጋር ነው፤ ከአማርኛ «ማለዘብ» ይቀርበዋል።

ስለዚህ ከፍቺው ጎን አብረውት የሚውሉ ሁለት ቃላትን፣ ከመዝገበ ቃላት የተቀዳ አንድ ዓረፍተ ነገርን፣ እንዲሁም ቃሉ ለበጎ ወይም ለክፉ እንደሚነገር የሚያሳይ ምልክት ያስፍሩ። መዝገበ ቃላቱ ለተማሪዎች የተዘጋጀ፣ እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ የሚፈታ ይሁን።

መርሳቱን በተመለከተ፣ በቀን 20 ማለት በሳምንት 140 ነው፤ ይህን ሁሉ ማን ይከልሰዋል? በቀን 6 ይበቃል። በማግስቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን እንግሊዝኛውን ሸፍነው አማርኛውን ብቻ እያዩ ቃሉን ይጻፉት። ደብተር ደጋግሞ ማንበብ «አውቀዋለሁ» ያሰኛል እንጂ በሚጽፉበት ሰዓት ቃሉን አያመጣም። የሳቱት ቃል እንደ አዲስ ከማግስቱ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት የትኞቹን ቃላት ላስቀድም?

መልስ፦ በጣም የተለመዱትን 2,000 ቃላት ሳይጨርሱ ወደ ብርቅዬዎቹ አይዝለሉ። ከዚያ የቋንቋ ተመራማሪዋ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 ያሳተመችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ይከተላል። 570 የቃላት ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ) ብቻ ቢሆኑም ከአካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። በልብ ወለድ ውስጥ ግን እምብዛም አያገኟቸውም።

ጥያቄ፦ የላቲን ሥሮችን ማጥናትስ?

መልስ፦ ለማስታወስ ይረዳል። «ቤኔ» መልካም፣ «ማሌ» ክፉ መሆኑን የያዘ ሰው «ቤኔቮለንት»ንና «ማሌቮለንት»ን አያምታታም። ፍቺን በሥር ብቻ መገመት ግን አደገኛ ነው። «ኢንቪዚብል» የማይታይ ስለሆነ «ኢንፍላመብል»ም የማይቀጣጠል ይመስላል፤ ፍቺው ግን በእሳት የሚያያዝ ማለት ነው።