ወደ ዴቪስ ለምትሄዱ ልጆች፦ መኪናው ይቆይ

ውድ ልጆቼ፣

በዚህ ዓመት ጥቂቶቻችሁ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ካሊፎርኒያዋ ዴቪስ እንደምትሄዱ ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ። እኔም የሰብል ሳይንስን የተማርኩት እዚያው ነው። ስለ ትምህርቱ መካሪ አታጡም፤ እኔ የምጽፍላችሁ ስለ መጓጓዣ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ «እንደደረሳችሁ መኪና ግዙ፣ ያለ መኪና አይኖርም» እንደሚሏችሁ አውቃለሁና።

ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ሎስ አንጀለስ ወይም ዳላስ ለሚኖር ሰው እውነትም ነው፤ እዚያ ሥራው፣ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ በፈጣን መንገድ የተራራቁ ናቸው። ዴቪስ ግን የተሠራችው በሌላ ሐሳብ ነው። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ የነበሩት ኤሚል ምራክ ግቢው ሲሰፋ ለብስክሌት እንዲመች ሆኖ እንዲነደፍ አደረጉ። ኔዘርላንድ ቆይተው የተመለሱ አንድ የኢኮኖሚክስ መምህርና ቤተሰባቸው ደግሞ እዚያ ያዩትን ለከተማው ሕዝብ ማስረዳት ያዙ። ነገሩ እስከ ከተማው ምክር ቤት ምርጫ ድረስ አከራከረ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1967 በጎዳናዎቹ ላይ ለብስክሌት ብቻ የተለየ መስመር ተሰመረ። በአሜሪካ የመጀመሪያው እንደሆነም ይነገርለታል። በማግስቱ ዓመት የተማሪዎች ማኅበር ሁለት ያገለገሉ ባለ ሁለት ፎቅ የለንደን አውቶቡሶች ገዝቶ ዩኒትራንስ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። ዛሬም ከሾፌሮቹ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ መኪና የሌለው ሰው አስቀድሞ የታሰበበት ከተማ ውስጥ ነው የምትገቡት። ይህንን ሳትጠቀሙበት መቅረታችሁ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ በፊት የቤቱን ነገር አስቡበት። የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የዩኒትራንስን ካርታ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። መስመሮቹ በላቲን ፊደላት ይጠራሉ፤ ግቢው ውስጥ ያሉት ዋና መነሻዎች ሜሞሪያል ዩኒየንና ሳይሎ ናቸው። የምትከራዩት ቤት ለየትኛው መስመር ቅርብ ነው? ቅዳሜና እሁድስ ያ መስመር ይሠራል? በፈተና ሰሞንና በክረምቱ ዕረፍት የአውቶቡሱ ሰዓት እንደሚለወጥና እንደሚሳሳ አትርሱ። በወር ጥቂት ዶላር የሚረክስ፣ ነገር ግን ከመስመር የራቀ ቤት የያዘ ተማሪ ብዙም ሳይቆይ መኪና መፈለጉ አይቀርም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በመታወቂያቸው ይሳፈራሉ፤ እናንተ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ያለውን አሠራር በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

በምርምር ረዳትነት የምታገኙት ክፍያ ለአንድ ሰው ኑሮ የሚበቃ ነው፤ ለአንድ ሰውና ለአንድ አሮጌ መኪና ግን ይጠብባል። ኢንሹራንስ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ የግቢው ማቆሚያ በክፍያ ነው፣ ጥገናው ደግሞ ቀን ቆርጦ አይመጣም። አገር ቤት እናት ወይም ታናሽ ወንድም የምትረዱ ከሆነ ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ብስክሌት ግዙ። ያገለገለ ይበቃል፤ ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ብዙ ማርሽ አያስፈልጋችሁም። ከብስክሌቱ ዋጋ ላይ ቆጥባችሁ ቁልፉ ላይ አውጡ። ቀጭን ሽቦ ገመድ በመቁረጫ በቀላሉ ይበጠሳል፤ ወፍራም የብረት ቀለበት ያለውን ግዙና ጎማውን ብቻ ሳይሆን አካሉን ከማሰሪያው ብረት ጋር ቆልፉ። ስርቆት ብዙ ነውና አስመዝግቡት። በማታ ስትነዱ የፊት መብራት ሕጉ ያስገድዳል፤ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ ይኑራችሁ። ጠጥቶ ብስክሌት መንዳትም በካሊፎርኒያ ሕግ ያስቀጣል። ግቢው ውስጥ የብስክሌት አደባባዮች አሉ፤ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ሰጥታችሁ በቀኝ ግቡ። በመስከረም ትምህርት ሲጀመር አዲስ ተማሪዎች እዚያ በብዛት ይጋጫሉ፤ በዚያ ሳምንት ከክፍል ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጡ።

ሴቶች ልጆቼ ሆይ፣ ለእናንተ ለብቻ የምለው አለኝ። ብዙዎቻችን ያደግነው ብስክሌት የወንድ ልጅ ነው እየተባለ ነው። እኔ መንዳት የተማርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ እሁድ እሁድ ባዶ በሆነ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ኮርቻውን ዝቅ አድርጋችሁ፣ እግራችሁ መሬት እየነካ ጀምሩ። የምታፍሩበት ነገር የለም፤ እዚያ ስመ ጥር ፕሮፌሰሮች ቦርሳቸውን ከኋላ አስረው በብስክሌት ወደ ክፍል ይመጣሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

በረዶ አያስቸግራችሁም። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን ስላለ ውኃ ያዙ፤ በታኅሣሥና በጥር ግን ከተማዋ ያለችበትን ሸለቆ የሚሸፍነው ጉም ፊት ለፊት ያለውን አያሳይም፤ እንዲህ ባለው ጠዋት ብስክሌቱን ትታችሁ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ለገበያ ቅዳሜ ጠዋት ሴንትራል ፓርክ የሚቆመውን የገበሬዎች ገበያ ልመዱ። በርበሬና እንጀራ ሲናፍቃችሁ ደግሞ ባቡር አለ። የአምትራክ ጣቢያ መሀል ከተማ ነው፤ ካፒቶል ኮሪደር የተባለው ባቡር ሪችመንድ ላይ ባርት ከተባለው የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባቡር ጋር ስለሚገናኝ ኦክላንድ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ድረስ ያለ መኪና ትሄዳላችሁ። ብስክሌታችሁንም ጭናችሁ መሄድ ትችላላችሁ። መጽሐፍ ይዛችሁ ተሳፈሩ፤ እኔ ብዙ ጽሑፍ ያነበብኩት በዚያ ባቡር ነው።

መንጃ ፈቃዱን ግን ሳትዘገዩ አውጡ። የሙከራ እርሻ ላይ የምትሠሩ ከሆነ የዩኒቨርሲቲውን መኪና መንዳት ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ዕቃ ስታጓጉዙም በሰዓት የሚከራይ መኪና ታገኛላችሁ። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ወይም የጥናት ቦታችሁ ከአውቶቡስ መስመር ውጭ የሆነባችሁ ደግሞ መኪና መግዛታችሁ ተገቢ ነው። እንደዚያም ሆኖ አንድ መንፈቅ ያህል በከተማዋ ኑሩና ወጪውን በወረቀት አስሉት፤ ከዚያ በኋላ የምትገዙት መኪና ለእውነተኛ ፍላጎታችሁ የሚስማማ ይሆናል።