ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማን ቁስል በቤት ውስጥ እንዴት ይያዛል?

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መትቷት ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዙላትም፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን የማስታምማት እኔ ነኝ። ከወገቧ በታች፣ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ቁስል ወጥቶባታል። መጀመሪያ ጠቆር ያለ ምልክት ነበር፤ ኋላ ውኃ ቋጠረና ተላጠ፤ አሁን መሀሉ ቢጫ ሆኖ ይሸታል። አንዱ ጎረቤት የካፕሱል ዱቄት ነስንሺበት ይለኛል፣ ሌላው በአረቄ እጠቢው ይላል፣ ወንድሜ ደግሞ አየር እንዲያገኝ ገልጠሽ ተዪው ባይ ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ስላለኝ ወደ እሱም እንዳይተላለፍ እሰጋለሁ። ምን ላድርግ? (ከመንዝ)

መልስ፦ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልዎ። የገለጹልን በተለምዶ የአልጋ ቁስል የሚባለው ነው። ሰው ለረጅም ሰዓት በአንድ አኳኋን ሲተኛ፣ የገላው ክብደት በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ያለውን ሥጋ ይጫነዋል፤ የተጫኑት ጥቃቅን የደም ሥሮች ደም ማሳለፍ ሲያቅታቸው ሥጋው ኦክስጅንና ምግብ አጥቶ ይሞታል። ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖም ሲደነዝዘው ሳያውቀው ይገላበጣል፤ እናትዎ ግን ግራ ጎናቸው በሚገባ ስለማይሰማቸው፣ ቢሰማቸውም መዞር ስለማይችሉ፣ ጉዳቱ ከቆዳው ሥር ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ «ምን ልቀባው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ከላዩ ክብደቱን እንዴት ላንሣ?» የሚለው ይቀድማል፤ በጀርባቸው መተኛታቸው ከቀጠለ በዓለም ላይ ያለ ቅባት ሁሉ ቢፈስበት ያ ቁስል አይድንም።

እናትዎን ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ያገላብጧቸው። ይህ ለአንድ ሰው የሚከብድ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ አየር ይግባው የሚሉት ወንድምዎ የሌሊቱን ተራ ቢይዙ ከምክራቸው ይልቅ ተራቸው ይጠቅማል። ሲያዞሯቸው ሙሉ በሙሉ በጎናቸው አያስተኟቸው፤ ያን ጊዜ ክብደቱ የዳሌ አጥንት ላይ ያርፍና ሌላ ቁስል ይወልዳል። ከጀርባቸው በኩል ትራስ ወይም የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አስደግፈው 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ጋደል ያድርጓቸው፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። በጉልበቶቻቸው መካከል ለስላሳ ጨርቅ፣ ከባታቸው ሥር ደግሞ ትራስ አድርገው ተረከዛቸው ፍራሹን ሳይነካ እንዲንሳፈፍ ያድርጉ፤ ተረከዝ ከታችኛው የጀርባ አጥንት ቀጥሎ ቶሎ የሚቆስል ቦታ ነው።

በእናንተ አገር ብርድ ባናውና ዝተቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ሻካራው ሱፍ የታመመ ሰው ቆዳ ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ይፍቀዋል፤ ላብም ይይዛል። ከሥራቸው ሁልጊዜ የታጠበና ሽብሽቡ የተዘረጋ የጥጥ አንሶላ ይሁን፤ ባናው ከላይ ይደረብ። ወደ ትራሱ ከፍ ሊያደርጓቸው ሲፈልጉ ብብታቸውን ይዘው አይጎትቷቸው፤ ከሥራቸው የታጠፈ ነጠላ ወይም አንሶላ አንጥፈው ሁለት ሰው ሆነው ግራና ቀኝ ይዘው ያንሷቸው። የጠቆረውን ወይም የቀላውን ቦታ ማሸት ደም የሚያዘዋውር ይመስላል እንጂ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይቀደዋል። ቁስሉ መሀል እንዲሆን ተብሎ የሚሠራው ክብ መቀመጫም ዙሪያውን እያነቀ ደም ያግዳል። በብርዱ የተነሣ የፈላ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ወይም የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለው ከግራ ጎናቸው ካስቀመጡም ያንሡት፤ የማይሰማ እግር ሲቃጠል አይናገርም።

አሁን ወደ ኢንፌክሽኑ እንምጣ። በየትኛውም ክፍት ቁስል ላይ ባክቴሪያ አለ፤ መኖሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። የሚያሰጋው አዲስ ጀርም መጨመሩና ሥር ሰድዶ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ለዚህም ዋናው መንገድ የአስታማሚዋ እጅ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዚህ ዓለም በተለዩበት በ1847 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ አስከሬን መርምረው ወላዶችን ለማየት የሚመጡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ሲያዝዝ፣ የወላዶች ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ፤ ባልደረቦቹ ግን እጃቸው ገዳይ መባሉ አስቆጥቷቸው ብዙዎቹ አልሰሙትም። ዛሬም ይህ ቁጣ በየቤቱ አለ፤ ንጹሕ ነኝ የሚል ሰው እጁን ታጠብ ሲባል ይከፋዋል።

እጅዎን ቁስሉን ከመንካትዎ በፊት፣ አሮጌውን ፋሻ ካነሡ በኋላና ሥራው ሁሉ ሲያበቃ በሳሙና ይታጠቡ። አጠቃላይ ጊዜው ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይሁን፤ የጣት መሀል፣ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር አይረሱ፤ ቀለበትም ይውለቅ። ሳፋ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ሳይሆን ልክ እንግዳ እንደሚያስታጥቡት ሌላ ሰው በማንቆርቆሪያ እያፈሰሰልዎ ይታጠቡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ እንጂ በቀሚስዎ አይጥረጉ። ጓንት ካለ ጥሩ ነው፤ ታጥቦ ሁለተኛ የሚለበስ ጓንት ግን ከባዶ እጅ አይሻልም።

ቁስሉን የሚያጥቡበትን ውኃ ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 9 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል ልክ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ይጨምሩና ያፍሉት። እዚህ ላይ ለእናንተ ለደገኞቹ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ፦ መንዝ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ የሚደርሱ ቦታዎች ያሉበት በመሆኑ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ክዳኑ ሳይነሣ ለብ እስኪል ይብረድ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ደፍተው አዲስ ያፍሉ። ጎዝ ካላገኙም ያረጀ ነጭ የጥጥ ነጠላ ቀደው፣ ቀቅለው፣ ፀሐይ ላይ በንጹሕ ገመድ አድርቀው፣ በጋለ ካውያ ተኩሰው ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይችላሉ።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልገውን ሁሉ አጠገብዎ ያቅርቡ፤ እጅዎን ከታጠቡ በኋላ ፕላስተር ፍለጋ መሳቢያ መክፈት መታጠቡን ከንቱ ያደርገዋል። ሐኪም የፈቀደው ማስታገሻ ካለ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይስጧቸው። የተጣበቀውን ጨርቅ በደረቁ አይላጡት፤ የጨው ውኃ አፍስሰውበት እስኪለቅ ይታገሡ፤ አለዚያ የበቀለውን ቀጭን አዲስ ሥጋ አብሮ ይወስደዋል። ከዚያ ውኃውን ከመሀል ወደ ዳር እያፈሰሱ ያጥቡት፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ቀስ አድርገው ቢረጩት የተሻለ ነው። ዙሪያውን ያለውን ደኅና ቆዳ ብቻ ነካ ነካ እያደረጉ ያድርቁ። በጨው ውኃ ርሶ በደንብ የተጨመቀ ጎዝ ጉድጓዱን ሳያጭቁ ዘርግተው ያስገቡ፤ ከላዩ ደረቅ ጎዝ ደርበው ያሽጉት። በየቀኑ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ከነካው ደግሞ ወዲያውኑ ይቀየር። ያገለገለው ጨርቅ ውሻና ዶሮ እንዳይጎትተው ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር።

የጎረቤቶችዎን ምክር በተመለከተ፣ አረቄ የሚያቃጥለው ጀርሙን ብቻ አይደለም፤ ቁስሉን ሊሞላ የሚያቆጠቁጠውን ሴልም ይገድላል። በረኪናም እንዲሁ ነው፤ ደም የነካው ወለልና አንሶላ ላይ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ይጠቀሙበት፤ ቁስል ላይ ግን በፍጹም አይፍሰስ። የካፕሱሉ ዱቄት ከሁሉ ይበልጥ የማዝንበት ልማድ ነው። በካፕሱሉ ውስጥ ያለው፣ ለምሳሌ አምፒሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ ተውጦ በደም ውስጥ እንዲዘዋወር የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ቁስል ላይ ሲነሰነስ ከፈሳሹ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ይሆንና ከሥሩ ያለውን መግል ይሸፍናል፤ ሰውነትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ባክቴሪያዎቹንም መድኃኒቱን ያለማምዳቸዋል። ቅቤም አይቀባ። ማርን በተመለከተ ለሕክምና የተዘጋጀና ከጀርም የጸዳ ማር ለአንዳንድ ቁስሎች ይሠራበታል፤ ከቀፎ የወጣው ግን የተባይና የአፈር ርዝራዥ ስለሚኖረው ጥልቅ ቁስል ውስጥ እንዲያስገቡት አልመክርም። የወንድምዎ ሐሳብ የብዙ ሰው እምነት ነው፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ እንዳሳየው፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ተገልጦ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ቆዳ ያለብሳል። የተገለጠ ቁስል ዝንብም ይጠራል።

ጠበል የሚያስጠምቋቸው ከሆነ አትተዉ አልልም፤ ቁስሉን ግን በፕላስቲክ ሸፍነው ያሽጉትና ቀሪው ገላቸው ይጠመቅ፤ ሲመለሱ ወዲያው ፋሻውን ይቀይሩ። ሽንታቸውን መቆጣጠር ካልቻሉ ቶሎ ቶሎ አይተው ከፊት ወደ ኋላ ያጽዷቸው፤ ካደረቁ በኋላ በዙሪያው ባለው ደኅና ቆዳ ላይ ስስ ቫዝሊን ይቀቡ።

ቁስል የሚሞላው በምግብ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው ለአንድ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል፤ እናትዎ 50 ኪሎ ቢመዝኑ ከ62.5 እስከ 75 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል የሚሰጠው ስድስት ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ ወተቱም፣ ሽሮውም፣ ምስሩም መጨመር አለበት። የእናንተ አገር እናቶች ታመውም ጾም መግደፍን እንደማይወዱ አውቃለሁና የነፍስ አባታቸውን ጠርተው ያነጋግሩላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምታደርገውን ፍቃድ ከእርሳቸው አፍ ሲሰሙ እሺ ይላሉ። ስትሮክ መዋጥን ሊያስቸግር ስለሚችል ቀና አድርገው ያብሏቸው፤ በልተው ግማሽ ሰዓት ከቆዩ በኋላ ግን ዝቅ ያድርጓቸው፤ ቀና ብሎ መቆየት ቁስሉ ያለበትን ቦታ ይጫነዋል። የስኳር መጠናቸውም ሳይለካ ከቆየ ይለካ፤ ያልታወቀ ስኳር ቁስልን ያጓትታል።

የአልጋ ቁስል እንደ ኩፍኝ በአየር አይተላለፍም። ልጅዎን ከማጥባትዎ በፊት እጅዎን ከታጠቡና እናትዎን ሲያክሙ የሚለብሱትን ሽርጥ ካወለቁ ያለ ሥጋት ያጥቡት፤ ሕፃኑን ከሕመምተኛዋ ጋር በአንድ አንሶላ ላይ አያስተኙት እንጂ አያቱን አይከልክሉት።

የመሀሉን ቢጫ ነገር በተመለከተ፣ መግል ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሞተ ሥጋ ነው። መነሣት አለበት፤ ግን በቤት ውስጥ በምላጭም ሆነ በጥፍር አይነካ። ጥልቀቱ ሳይታይም ከዚህ ሆኜ ቀላል ነው ልልዎ አልችልም፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ያሳዩዋቸው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ይጠይቁ። አንቲባዮቲክ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው የሚያያቸው ሐኪም ነው፤ ከታዘዘም እስከ መጨረሻው ይወሰድ። ሳምንቱን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን የሚኬድባቸው ምልክቶች አሉ፦ በቁስሉ ዙሪያ የሚሰፋ ትኩሳትና እብጠት (በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይታይ በእጅዎ ጀርባ ዳስሰው ከሌላው ገላ ጋር ያነጻጽሩ)፣ ካጠቡት በኋላም የማይለቅ ክርፋት፣ የወጣ አጥንት፣ ብርድ ብርድ ማለት። በሸመገለ ሰው ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ ድንገት መቃዠት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ወይም የሽንት ማነስ ካዩ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ይውሰዷቸው። በቃሬዛም ሆነ በመኪና ሲሄዱ በጀርባቸው ሳይሆን ጋደል ብለው ይሂዱ፤ እስካሁን ቁስሉ ላይ ያደረጋችሁትን ሁሉ፣ አረቄና ካፕሱል ካለበትም ሳትደብቁ፣ ለሐኪሙ ንገሩ።