ከሰይፉ መሃል ያለው ብዥታ
ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብለን በቴሌስኮፕ የኦሪዮንን ኔቡላ (ሰማይ ላይ ያለ ግዙፍ የጋዝና የአቧራ ደመና) ስናይ ብርዱ ጥያቄ አላስጨረሰንም። የቀረውን ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ መልሱ ይኸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያሳዩንን ኔቡላ መንዝ ሆኜ ብቻዬን አገኘው ይሆን?

መልስ፦ ታገኘዋለህ። በታኅሣሥ አመሻሽ ላይ ወደ ምሥራቅ ዙር። ሦስት ኮከቦች እንደ መሰላል ሽቅብ ተደርድረው ይወጣሉ፤ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ መቀነት ናቸው። በስተቀኛቸው ደብዘዝ ያሉ ኮከቦች አሉ፤ ሰይፉ ይባላሉ። መሃላቸው ብዥ ያለው እሱ ነው። 1,350 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። ጋቢህን እንዳትረሳ።

ጥያቄ፦ ጨረቃ እንዳገኘው ደመና ነው የሚበራው?

መልስ፦ በአብዛኛው አይደለም፤ ጋዙ ራሱ ነው የሚያበራው። ውስጡ ትራፔዚየም የሚባሉ ወጣት ኮከቦች አሉ። የትልቁ ክብደት ከ30 ፀሐይ ይበልጣል። ገጹ ወደ 39,000 ዲግሪ ይግላል፤ የፀሐያችን 5,500 ገደማ ነው። እንዲህ የጋለ ኮከብ በብዛት የሚረጨው አልትራቫዮሌት የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን ጨረር ነው። ጨረሩ ከሃይድሮጅን ላይ ኤሌክትሮኑን መንጭቆ ያወጣል። ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲገባ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥርም ብርሃን ይለቃል። በፎቶ የሚታየው ቀይ ቀለም ከዚያ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ያየሁት አመድማ ነው!

መልስ፦ ዓይንሽ ደህና ነው። በደብዛዛ ብርሃን የማንም ዓይን ቀለም አይለይም። ካሜራ ግን ብርሃኑን ያጠራቅማል።

ጥያቄ፦ በፎቶ የምናያቸው የጋዝና የአቧራ ዓምዶችስ?

መልስ፦ ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1995 እ.ኤ.አ. ያነሳቸው ናቸው፤ ያሉት ሌላ ቦታ፣ ንስር ኔቡላ ውስጥ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ጎርፍ የበላው መሬት አይታችኋል? አፈሩ ተጠርጎ ሲሄድ ድንጋይ የከለለው ብቻ ቀጥ ብሎ ይቀራል። እዚያም እንደዚያው ነው። የእዚያው ግዙፍ ኮከቦች ጨረርና ንፋስ ሳሳ ያለውን ጋዝ ጠርገውታል፤ ጥቅጥቅ ያለው ከኋላው ያለውን ከልሎ ቆሟል። እሱም ቀስ እያለ እየተበላ ነው። መብራቱን የለኮሱት ኮከቦች ቤቱንም እያፈረሱት ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህ ግዙፍ ኮከቦች ስንት ዓመት ይኖራሉ?

መልስ፦ ጥቂት ሚሊዮን። ፀሐይ ወደ 10 ቢሊዮን አላት። ግዙፎቹ ነዳጃቸውን አይቆጥቡም።

ጥያቄ፦ ከተማችን ስሟን ያገኘችበት የሰማይ ብርሃንስ ኔቡላ ይሆን?

መልስ፦ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ታየ የተባለውን ነው? ኔቡላ ድንገት ብቅ ብሎ አይጠፋም። በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሀሌይ ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ጋር የሚያያይዙት አሉ። እኔ ግን አልምልም።