ማይክ ለያዛችሁ ልጆች፦ ስለ ሰዓት

ውድ ልጆቼ፣

ፖድካስት የምትሠሩ፣ ዩቲዩብ ላይ የምታወሩ፣ ኤፍኤም ጣቢያ በተለማማጅነት የገባችሁ ሁሉ ሥራችሁን ስትልኩልኝ «ጋሼ፣ ድምፄ እንዴት ነው?» ትሉኛላችሁ። ድምፃችሁ ደህና ነው። ማብቂያ የለውም እንጂ! ሁለት ሰዓት የፈጀ ቃለ መጠይቅ ይደርሰኛል፤ ቁም ነገሩ የሚመጣው ከሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። እስከዚያ አድማጩ ዕቃውን አጥቦ፣ ልጁን አስተኝቶ፣ ሌላ ነገር ከፍቷል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ድምፅ ሳይሆን ስለ ሰዓት ልጽፍላችሁ ነው። ለዚህ ደግሞ የእንግሊዞቹን ቢቢሲ ሬዲዮ 4 የሚያህል አስተማሪ አላገኘሁም።

ጣቢያው በዚህ ስም የጀመረው በ1967 ነው፤ ከዚያ በፊት ሆም ሰርቪስ ይባል ነበር (ዓመቱንም ሰዓቱንም በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ዘፈን መስማት የፈለገ ሌላ ጣቢያ ይሂድ። እዚህ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሰማው ንግግር ነው፦ ዜና፣ ድራማ፣ ቀልድ፣ ሳይንስ፣ የአትክልት ምክር፣ የመጽሐፍ ንባብ። እንግሊዝኛው የማያስቸግራችሁ ከሆነ አንድ የሥራ ቀን ምረጡና ከጠዋት እስከ ማታ ከፍታችሁ ዋሉ። የማይጥማችሁ ሲመጣ አትዝጉት።

መጀመሪያ ጆሯችሁን ለፒፕስ ስጡ። በሰዓቱ መሙያ ላይ የሚሰማው የሰዓት ምልክት ነው፤ አምስት አጫጭር፣ አንድ ረዘም ያለ። ሰዓቱ የሚሞላው ረጅሙ ሲጀምር ነው። ምልክቱ ከ1924 ጀምሮ አለ፤ የመጨረሻው የረዘመው ግን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። በእሱ ላይ ማውራት በሙያው ዘንድ ነውር ነው፤ እንግዳው ሚኒስትርም ቢሆን ፒፕስ አይጠብቀውም። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የአቅራቢው ዓረፍተ ነገሮች እንዴት እያጠሩ እንደሚሄዱ ልብ በሉ።

ከ6 እስከ 9 ሰዓት «ቱደይ» አለ፤ ከ1957 ጀምሮ ያለ የጠዋት የዜና ፕሮግራም ነው። ትልልቆቹ ፖለቲከኞች የሚጠየቁት ብዙ ጊዜ ከ8 ሰዓት ዜና በኋላ ነው። ብዙዎቻችሁ ከዚያ የምትቀዱት ማቋረጡን ነው። እኔ ግን ተዉት እላለሁ። እዚያ ጠያቂው የሚያቋርጠው ሰውየው መልሱን ከቢሮው ተዘጋጅቶበት ስለመጣና የቀረው ጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ ስለሆነ ነው። እናንተ ገደብ ሳይኖርባችሁ እንግዳችሁን ስታቋርጡ ግን ጉልበት ማሳየት ብቻ ይሆናል። እንግዳው ይከፋል፤ አድማጩም መልሱን ሳይሰማ ይቀራል።

«ውመንስ አወር»፣ ማለትም «የሴቶች ሰዓት»፣ በ1946 ነው የተጀመረው። የመጀመሪያው አቅራቢው ወንድ ነበር፤ እዚህ ላይ መሳቅ ይፈቀዳል።

እሁድን ከመረጣችሁ «ዴዘርት አይላንድ ዲስክስ» አያምልጣችሁ። ከ1942 ጀምሮ ሕጉ ብዙም አልተለወጠም። እንግዳው ብቻውን ደሴት ላይ እንደቀረ ይታሰብና ስምንት ዘፈን ይመርጣል፤ አንድ መጽሐፍና አንድ የቅንጦት ዕቃም ይፈቀድለታል። እኛ «እስቲ ስለ ሕይወትህ አጫውተን» ብለን የምናጣውን ነገር እነሱ «ይህን ዘፈን ለምን መረጥከው?» ብለው ያገኙታል። ስለ እናቱ ሞት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ስለ አራተኛው ዘፈን ሲጠየቅ ይናገራል።

ለአማርኛችን የሚበጀው ግን «ጀስት ኤ ሚኒት» ነው። ይህም ከ1967 ጀምሮ ያለ ጨዋታ ነው፤ ኒኮላስ ፓርሰንስ በ2020 እስኪሞት ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ መርቶታል። ተጫዋቹ ርዕስ ይሰጠውና አንድ ደቂቃ ሙሉ ያወራል፤ ሳያመነታ፣ ቃል ሳይደግም፣ ከርዕሱ ሳይወጣ። ከተሳሳተ ተፎካካሪው ደውል ይደውልበታል። ይህንን በአማርኛ ሞክሩት። አንድ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ስለ ቡና እንዲያወራ ሰጥቼው «ያው ቡና ማለት እንደሚታወቀው…» ብሎ ጀመረና ራሱ ሳቀ። ገና ስለ ቡና ምንም አላለም። «ያው»፣ «ማለት ነው»፣ «ከዚህ አንፃር»፣ «በነገራችን ላይ»፤ እነዚህን ከአፋችን ብታወጡብን ስንቶቻችን ዝም እንደምንል እንጃ። በየሳምንቱ ተሰብሰቡና ተጫወቱት፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

ምሽት 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ «ዘ አርቸርስ» ይመጣል። አምብሪጅ በምትባል የፈጠራ መንደር ስለሚኖሩ ገበሬዎች የሚተርክ ድራማ ነው፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በ1951 በመላ አገሪቱ መሰራጨት ሲጀምር ዓላማው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምግብ ያጠረው አገር ገበሬ የተሻለ እንዲያመርት መምከር ነበር፤ የግብርና ሚኒስቴሩም እጁ ነበረበት። ምክሩ ቀስ በቀስ ቀረ፣ ሰዎቹ ቀሩልን። የእርሻው በር ሲጥ ሲል የምትሰሙት የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ እንደሆነ ልንገራችሁ። አንዲት ሲጥታ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ «ደህና አመሻችሁ» ቢመጣ፣ ሰው መግባቱን፣ ማምሸቱን፣ ግቢው ሰፊ መሆኑን ማን ነገራችሁ? እናንተ ይህን ሁሉ ተራኪ ቀጥራችሁ ነው የምታስነግሩት።

ጣቢያው እንከን የለውም አልልም። ድምፁ ለረጅም ዘመን የተማረው የደቡብ እንግሊዝ ሰው ድምፅ ነበር፤ አሁንም አንዳንዴ የሚያወራው ደህና ቤትና ጓሮ ላለው ሰው ይመስላል።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሳትተኙ ጠብቁ፤ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያኔ ነው። «ሴይሊንግ ባይ» የምትባል ዝግ ያለች የሮናልድ ቢንጅ ሙዚቃ ትገባለች። ከእሷ በፊት ያለው ፕሮግራም እንደ ረዘመና እንዳጠረ እሷም ትቆረጣለች፤ መርከበኛውም ጣቢያውን ማግኘቱን ያውቅባታል። ከዚያ «ሺፒንግ ፎርካስት» ይነበባል፤ የባሕር አየር ትንበያ ነው። ባሕሩ በ31 ክልል ተከፍሏል፤ ቫይኪንግ፣ ሰሜን ኡትሲራ፣ ደቡብ ኡትሲራ፣ ፎርቲስ፣ ክሮማርቲ፣ ፎርዝ፣ ታይን፣ ዶገር እያለ በማይለወጥ ቅደም ተከተል ይሄዳል። ጽሑፉ ከ350 ቃል እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ የሌሊቱ ብቻ 380 ይፈቀድለታል። እንዴት ይበቃል? ቅደም ተከተሉ ራሱ ስለሚናገር ነው። «ደቡብ ምዕራብ ከ5 እስከ 7። በኋላ ዝናብ። ጥሩ፣ አልፎ አልፎ ደካማ።» መጀመሪያ የመጣው የነፋስ አቅጣጫና ጉልበት ነው፤ ነፋስ የሚለው ቃል ግን የለም። መጨረሻ የመጣው ምን ያህል ርቀት እንደሚታይ ነው፤ እሱም አልተጠራም። መርከበኛው ያውቀዋል። ባሕር አይቶ የማያውቀው የከተማ ሰውም አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማዋል፤ አንባቢው አይቸኩልም፣ ድምፁን አያሳምርም፣ «ውድ አድማጮቻችን» እያለ አያባብልም።

እንግዲህ የቤት ሥራ። የመርካቶን የእህል በረንዳ ዋጋ ያዙና በ350 ቃል ጻፉት። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፦ ነጭ ጤፍ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፤ መጀመሪያ ዋጋው፣ ቀጥሎ ከትናንት መጨመሩ ወይም መቀነሱ። «ዋጋ» እና «ብር» የሚሉትን ቃላት አትጻፉ። ከዚያ እህል ለሚገዛ ሰው በስልክ አንብቡለትና የጤፉን ቁጥር መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ከተሳሳተ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ እንደገና ጻፉት፣ ከዚያ ላኩልኝ።