ውሃ አንዱን ዳርቻ እየበላ ሌላውን ስለምን ይሞላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ሐይቁ አጠገብ ነው። በእኛ በኩል አፈሩ እየተሸረሸረ የዛፎቹ ሥር ተራቁቷል፤ ጥቂት አለፍ ብሎ ግን አሸዋና ደለል እየተከማቸ መሬቱ ወደ ውሃው ይሰፋል። በአንድ ሐይቅ ላይ ይህ ልዩነት ከምን መጣ? የባሕር ዳርቻስ እንዲሁ ነው? ጎረቤቴ በተበላው ቦታ ድንጋይ ሊከምር አስቧል፤ ይበጃል?

መልስ፦ የሚበላውም የሚሞላውም ያው ማዕበል ነው፤ የሚለየው ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ማዕበል ጉልበቱን የሚያገኘው ከነፋስ በመሆኑ፣ ነፋሱ ያለ ከልካይ ሰፊ ውሃ አቋርጦ የሚደርስበት ዳርቻ አብዝቶ ይመታል። ወደ ውሃው ሾጥጦ የገባ መሬት ማዕበሉ ከግራም ከቀኝም ታጥፎ ስለሚያርፍበት ይሸረሸራል፤ ወደ ውስጥ የጎደጎደው ዳርቻ ግን የሚደርሰው ጉልበቱ የላላ ውሃ ስለሆነ አሸዋው እዚያ ይቀመጣል።

ነፋስ ሲበረታ ዳር ቆመው በአንዲት ጠጠር ላይ ዓይንዎን ያሳርፉ። ማዕበሉ ሰያፍ መጥቶ ጠጠሯን በሰያፍ ወደ ላይ ይገፋታል፤ ሲመለስ ግን ውሃው ተዳፋቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፣ ጠጠሯ የምታርፈው ከተነሣችበት ጥቂት ፈንጠር ብላ ነው። ይህ ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም ከእርስዎ ደጃፍ የተነሣው አሸዋ ሌላው ደጃፍ ይደርሳል። ፊላና ሸምበቆ ባለበት ስፍራ ግን ማዕበሉ ገና ዳር ሳይደርስ ይሰበራል፣ ሥሩም ጭቃውን አቅፎ ይይዛል፤ ስለዚህ ፊላ የተመነጠረበት ዳርቻ ቀድሞ ቢበላ አያስገርምም።

በባሕር ዳርቻም ሕጉ ይኸው ሲሆን፣ ማዕበሉ ይገዝፋል፤ የባሕሩ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ማለትም ይታከልበታል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የዓባይ ነው። ከደጋችን ታጥቦ የወረደው አፈር በሺህዎች ዓመታት ውስጥ ሜዲትራኒያን ዳር የግብፅን ዴልታ፣ ማለትም ወንዙ ባሕር ሲገባ ደለሉ ተከማችቶ የሠራውን ሜዳ፣ ከሠሩት ዋነኛው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ደለሉን ሲያስቀረው፣ ባሕሩ መብላቱን ስላልተወ የዓባይ አንዱ ቅርንጫፍ ባሕር በሚገባበት በራሺድ በኩል ያለው ዳርቻ በፍጥነት ወደ ኋላ ሸሸ።

የጎረቤትዎ ድንጋይም እንዲሁ ነው። የተከመረበትን ቦታ ለጊዜው ይጠብቃል፤ ነገር ግን ከዚያ ይነሣ የነበረው አሸዋ ስለሚቀር ቀጥሎ ያለው ዳርቻ አሸዋ አጥቶ ይሸረሸራል። የሚበጀው በዳርቻው ያሉት ነዋሪዎች በአንድነት ተመካክረው ፊላውን መልሰው ቢተክሉ፣ የቀረውንም እንዳይመነጠር ቢጠብቁ ነው።