ጅቡንና ወሬውን ለዩ፦ ለወሎ ልጆች ከአንድ ጡረተኛ የእንስሳት ሐኪም

ልጆቼ፣

እኔ የበግና የከብት ሐኪም ነበርሁ እንጂ አውሬ አክሜ አላውቅም። ዳሩ ግን ወሎ ውስጥ የከብት ሐኪም ሆኖ ከአውሬ ወሬ ማምለጥ አይቻልም። ደላንታም ሂዱ፣ ቦረናም ሂዱ፣ ክትባት ይዛችሁ ከገበሬው ደጃፍ ስትደርሱ ከበጉ ሳል በፊት የሚነገራችሁ ትናንት ማታ ስለመጣው ጅብ ነው። ቡና እየተጠጣ ወሬው ይደራል፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ ጅቡ በሬ አክሎ ቁጭ ይላል።

ዛሬ የምጽፍላችሁ በዚያ ወሬና በእውነተኛው እንስሳ መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ስለ ፓንዳና ስለ ፔንግዊን በስልካችሁ ብዙ እንደምታውቁ አይቻለሁ፤ ደግ ነው፣ አልነቅፍም። ግን ከቤታችሁ በላይ ካለው ገደል የሚኖረው እንስሳ ከፓንዳ የማይተናነስ ጉድ አለው፤ እሱን የሚነግራችሁ ጠፍቶ እንጂ።

በግ ተበላ ተብዬ ስጠራ የማደርገውን ላሳያችሁ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ "ቀይ ቀበሮ ፈጀብኝ" ይላል። እኔ እሺም እምቢም ሳልል በጉን አገላብጣለሁ። ነብር ጉሮሮ ነው የሚይዘው፤ አንገቱ ላይ የክራንቻ ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ጅብ ከጎንና ከሆድ ቀድዶ ይጀምራል፣ አጥንቱንም አያስተርፍም። ውሻ ደግሞ እዚህም እዚያም ነካክሶ፣ እግር እግሩን ቦጫጭቆ፣ ብዙውን ጊዜ በቅጡ ሳይበላ ትቶት ይሄዳል። ከዚያ ቢላዋዬን አውጥቼ ንክሻው አጠገብ ያለውን ቆዳ እገፋለሁ። ከሥሩ ደም ከቋጠረ በጉ በሕይወት ሳለ ተነክሷል። ምንም ደም ካልቋጠረ ግን ሲነከስ ቀድሞ ሞቶ ነበር፤ አውሬው ያገኘው ሬሳ ነው፣ ገዳዩን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። ሳንባውን ስከፍት በሽታው ቁጭ ብሎ የጠበቀኝ ጊዜ አለ። ቀይ ቀበሮው በሌለበት ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ ወጥመድ ሊጠመድለት ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የእሱን ነገር ልንገራችሁ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ በጠቅላላው የቀሩትም 500 ያህል ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ያሉት ባሌ ነው። የቀሩት በየደጋው ተበታትነው ይኖራሉ፤ ከእነሱም መካከል አቡነ ዮሴፍ፣ ደላንታና ቦረና ሳይንት ላይ ያሉት የእኛው ጎረቤቶች ናቸው። ምግቡ በአብዛኛው አይጥ ነው። ገብሳችንን የሚጨርሰውን አይጥ የሚያድንልንን እንስሳ በበግ ሌብነት ስንከስ መኖራችን ሲያሳዝነኝ ይኖራል፤ አልፎ አልፎ ግልገል አይነካም አልልም፣ ይነካል፣ ግን ኑሮው በዚያ አይደለም።

አኗኗሩም ለብቻው ጉድ ነው። በቡድን ይኖራል፣ ጧት ጧት አብሮ ወሰኑን ይዞራል፤ አደን ሲሆን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይሰማራል፣ ምክንያቱም አይጥ ለአንድ አፍ እንጂ ለቡድን አይበቃም። ከቡድኑ ሴቶች በአብዛኛው የምትወልደው አንዷ ብቻ ናት፣ እሷም በዓመት አንዴ። ሌሎቹ አክስትና አጎት ሆነው የበሉትን አይጥ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ለቡችሎቹ እያስመለሱ ያሳድጋሉ።

ከእኛ በስተደቡብ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ተመራማሪዎች የበለጠ የሚደንቅ ነገር አይተዋል። ቀይ ቀበሮው ከጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዶቹ አይሸሹትም፤ እሱም አጠገቡ ያለውን የጭላዳ ሕፃን አይነካም። ለብቻው ሲያድን ከመቶ ሙከራው 25ቱ ሲሳካለት፣ ከጭላዶቹ መሀል ሲሆን ግን 67ቱ ይሳካለታል። ባሌ ላይም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ጥናት ቀይ ቀበሮዎች ረጅም ዘንግ ካለው ቀይና ቢጫ አበባ ማር ሲልሱ መታየታቸው ተጽፏል፤ አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ያዳርሳል። ከጥናቱ ሰዎች አንዱ አበባው ጣፋጭ መሆኑን መጀመሪያ ያወቀው የእረኛ ልጆች ሲልሱት አይቶ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት፤ ለትልቁ ምርምር መንገድ የጠቆሙት እንደ እናንተ ያሉ በግ ጠባቂዎች ናቸው።

አሁን ወደ ጅቡ።

በተረታችን "አያ ጅቦ" ሁልጊዜ ወንድ ነው፤ ሞኝ፣ ሆዳም፣ ፈሪ። እውነተኛው የጅብ መንጋ ግን የሚመራው በሴት ነው። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ቀድማ ትበላለች፣ ማዕረጓንም ለልጆቿ ታወርሳለች፤ አያ ጅቦ ተራው እስኪደርስ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ግልገሎቿ ሲወለዱ ዓይናቸው የተገለጠ፣ ጥርሳቸው የበቀለ ነው። መልኩ ውሻ ቢመስልም በዘር ሐረግ ለድመት ይቀርባል። አጥንት ፈጭቶ የሚያዋህድ ሆድ ስላለው ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፤ መንገድ ላይ ብታገኙት ማን እንዳለፈ ወዲያው ታውቃላችሁ። "ሳቁ" የምንለውም ሳቅ አይደለም፤ ሲጨነቅ፣ ሲሻማ ወይም ሲሸነፍ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ማታ ማታ እየጎተተ የሚጮኸው ረጅሙ ጩኸት ደግሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰማል፤ ጅቦቹም ማን እንደጮኸ በድምፁ ይለያሉ።

ጥንብ አንሺ ነው፣ ሰነፍ ነው የሚባለውስ? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ታንዛኒያ፣ ንጎሮንጎሮ ላይ ሌሊት ሌሊት እየተከታተሉ ያዩ ሰዎች አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ እንደሚበላ አረጋገጡ። ሲነጋ አንበሳ ሲበላ፣ ጅብ ዳር ቆሞ ሲያይ የሚታየው ብዙ ጊዜ አንበሳው ጅቡ የገደለውን ቀምቶት ኖሯል።

የእኛ አገር ጅብ ግን በሰው ዳር የሚኖር ነውና አመሉ ሌላ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የጅብ ኩስ እየለቀሙ ውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ፤ ፀጉሩ የበላውን እንስሳ ማንነት ይናገራል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። በዐቢይ ጾም ሰው ሥጋ ሲተው፣ ከየቤቱና ከየቄራው የሚጣለው ሲቀንስ፣ ጅቡ ወደ አህያ አደን ዞሮ ተገኘ። ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" ያሉት አያቶቻችን ጾሙንና አህያውን አገናኝተው ይሁን አይሁን እንጃ፣ እናንተ ግን በሁዳዴ አህያችሁን ደጅ አታሳድሩ።

ስለ ጅብ ሳነሳ አንድ የማልወደውን ወሬ ሳልናገር አላልፍም። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ማታ ጅብ ይሆናል ሲባል እኔም ሰምቼ ነው ያደግሁት። በዚህ ወሬ ጅቡ ምንም አልሆነም። የተጎዳው ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ነው፤ ልጁ የሚጫወትበት ጓደኛ ያጣው፣ ሴት ልጁን የሚያጭለት የጠፋው እሱ ነው። ጅብ ከእናቱ ሆድ ጅብ ሆኖ ይወለዳል። ያንን ወሬ እኔ እዚህ አቁሜዋለሁ፤ እናንተም አትቀበሉት።

ሽኮኮን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥንቸል ያክላል፣ ጧት ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ የሰውነቱን ሙቀት እንደ እኛ አጥብቆ መያዝ ስለማይችል ፀሐይዋ ለእሱ ቁርሱ ናት። ዘመዱ ማን ይመስላችኋል? ብዙ ልጅ "አይጥ" ይለኛል። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና በውኃ ውስጥ የሚኖረው የባሕር ላም ናቸው። ካላመናችሁኝ ጥፍሩን እዩ፤ እንደ ዝሆን ጠፍጣፋ ነው። የላይ የፊት ጥርሱ እንደ ዝሆን ጥርስ ሳያቋርጥ ያድጋል። ጥንቸል በአንድ ወር ስትወልድ ይህች ትንሽ ፍጡር ሰባት ወር ታረግዛለች፤ ልጆቿም ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ወዲያው ለመሮጥ ተዘጋጅተው ይወለዳሉ። እርጥብ የሆነው መዳፉ ቋጥኝ ላይ ይጣበቃል፣ ስለዚህ እናንተ በእጃችሁ እየያዛችሁ የምትወጡትን ገደል እሱ በሩጫ ይወጣዋል።

ጭላዳም ከዚያው ገደል ነው የሚያድረው። ከአቡነ ዮሴፍ እስከ ቦረና ሳይንት ባለው ደጋ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። ከዝንጀሮ፣ ከጦጣና ከጉሬዛ የሚለየው ሣር በል መሆኑ ነው፤ ከዝንጀሮ ወገን ዋና ምግቡን ሣር አድርጎ የሚኖር ሌላ የለም። ቁጭ ብሎ፣ በሁለት እጁ እየነጨ፣ ሣሩ ሲያልቅ ሳይነሳ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይቀጥላል። ሌላው ዝንጀሮ መቀመጫው ላይ የሚያሳየውን ቀይ ቆዳ ጭላዳ ደረቱ ላይ የያዘው ቀኑን ሙሉ ስለሚቀመጥ ነው የሚሉ አሉ፤ ያስኬዳል። ቤተሰቡን አጽንተው የሚይዙት እህትማማች ሴቶቹ ናቸው፤ ያ ጋሜውን ነስንሶ የሚንጎራደደው ወንድ ዛሬ አለ፣ ነገ በሌላ ጎረምሳ ይተካል። የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ሳቀልኝ ብላችሁ አትጠጉት፤ መንፈሱ ተረብሿል ማለት ነው። የእሱ ወገኖች በጥንት ዘመን እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ እስከ ስፔንና እስከ ሕንድ ድረስ ይኖሩ እንደነበር አጥንታቸው ተገኝቷል። ሁሉም ጠፍተው እዚህ እኛ ደጋ ላይ ያለው ብቻ ቀረ።

ጃርት እሾሁን እንደ ቀስት አይወረውርም። እሾሁ ፀጉር ነው፣ የጠነከረ ፀጉር፤ ሲናደድ ወደ ኋላው እየሮጠ ይወጋል፣ ያኔ ተነቅሎ ከጠላቱ ሰውነት ላይ ይቀራል። ከውሻ አፍንጫ በጉጠት የነቀልሁ ሰው ነኝና በዚህ አትከራከሩኝ። ጢማሙ አጥንት በላ አሞራ ደግሞ አጥንቱን ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ ቋጥኝ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይውጠዋል። ብረት ያለበት ቀይ አፈር ሲያገኝም እንሶስላ እንደምትሞቅ ሙሽራ ላባውን ያቀልማል።

አሁን አባታዊ ትእዛዝ፤ ይህቺን ለክርክር አላቀርባትም። ሰው ሲያይ የማይሸሽ፣ የሚንገዳገድ፣ በጠራራ ቀን ሰፈር የገባ ቀበሮ ወይም ሌላ አውሬ ካያችሁ አትጠጉ፣ ድንጋይም አትወርውሩ፤ ለትልቅ ሰው ንገሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከነከሳችሁ ወይም ቁስላችሁን ከላሰ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ትንሽ ጭረት ናት ብላችሁ ለእናታችሁ አትደብቁ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። አብሽሩ፣ በጊዜ የተከተበ ይድናል። የቤታችሁን ውሻ በየዓመቱ አስከትቡ። ቀይ ቀበሮን ከጥይት በላይ የፈጀው ከውሻ የሚተላለፈው ይኸው በሽታ ነው፤ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ገብቶ ብዙዎቹን ጨርሷል።

ለተቀረው አንድ ደብተር ይበቃችኋል። ገጹን መሀል ለመሀል አስምሩ፤ በአንዱ በኩል "ያየሁት"፣ በሌላው "የሰማሁት" ብላችሁ ጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ እንስሳው ምን ይበላ እንደነበርና ከማን ጋር እንደነበር መዝግቡ። የሰማችሁትን አትናቁት፤ ሽማግሌ ከሚያወራው ውስጥ ብዙ እውነት አለ፣ ግን በዓይናችሁ እስክታዩት ድረስ ወደ "ያየሁት" አይሻገር። ከነፋሱ በታች ቁጭ በሉ፣ ደማቅ ልብስ አትልበሱ፣ ስልካችሁን ዝም አሰኙት።

ትልልቅ ዛፍ ያለበት ደን ከሄዳችሁ ደግሞ ጉሬዛ ፈልጉ፤ ቅጠል የሚያላምጠው ጥቁርና ነጩ ማለቴ ነው። ሕፃን የታቀፈች ብታገኙ ሕፃኑ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ይሆናል፤ እናቱን እስኪመስል ወራት ይፈጅበታል። ከዚያ ቅርንጫፍ ስትጨብጥ እጇን በደንብ እዩና ጣቶቿን ቁጠሩ። አውራ ጣቷን ስታጡት "ያየሁት" ከሚለው ሥር ጻፉት።