ራኬቱንም ደብተሩንም ያዢ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። 16 ዓመትሽ ነው፣ 11ኛ ክፍል ነሽ፤ ትምህርትሽን አቋርጠሽ አዲስ አበባ ሄደሽ ሜዳ ቴኒስ ብቻ ልትለማመጂ አስበሻል። አባትሽ ደግሞ «በኳስ ማን እንጀራ በላ?» ብለው ተቆጥተዋል።

እንጀራስ ይበላበታል። ትልቁ የአሜሪካ ቴኒስ ውድድር ዩኤስ ኦፕን ለሴቶች ከወንዶች እኩል መሸለም የጀመረው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእንግሊዙ ዊምብልደን በ2007 ተከተለ። ይህ ግን የጫፉ ወግ ነው። ጀማሪዎች የሚገቡበት ዝቅተኛው ዓለም አቀፍ ውድድር ጠቅላላ ሽልማቱ 15 ሺህ ዶላር ነው፤ እሱም ለነጠላውም ለጥንዱም ይከፋፈላል። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈች ልጅ የአውሮፕላን ትኬቷን ዋጋ እንኳ አትመልስም። አሰልጣኙም፣ ሆቴሉም፣ የራኬት ክሩም ከኪሷ ነው።

ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃቤር በ2011 የፈረንሳይ ኦፕንን የታዳጊ ሴቶች ዋንጫ ስታነሳ ልክ እንዳንቺ 16 ዓመቷ ነበር። በአዋቂ ሴቶቹ ዓለም አቀፍ የቴኒስ ማኅበር (ደብሊው ቲ ኤ) ውድድር የመጀመሪያ ዋንጫዋን ያገኘችው በ2021 በርሚንግሃም ላይ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ! በማግስቱ ዓመት የዓለም 2ኛ ሆነች።

ለአንቺ የሚቀርበው የኬንያዊቷ የአንጄላ ኦኩቶዪ መንገድ ይመስለኛል። በ2022 በዊምብልደን የታዳጊ ሴቶች ጥንድ ዋንጫ ወሰደች፤ ከዚያ አሜሪካ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገብታ እየተማረች ተጫወተች። እዚያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለጎበዝ ተጫዋች ትምህርቱን፣ አሰልጣኙንና ጉዞውን ይችሉላታል። ይህ በር የሚከፈተው ግን በ12ኛ ክፍል ውጤትና በእንግሊዝኛ ነው። ትምህርትሽን ስታቋርጪ የምትዘጊው እሱን ነው።

ሆኖም አትዘናጊ። ዓለም አቀፉ የታዳጊዎች ውድድር በ18 ዓመት ያበቃልና የቀረሽ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አዲስ አበባ ሄደሽ ከእኩዮችሽ ተጋጠሚ፤ ክረምትን አትጠብቂ፣ ሜዳው በዝናብ ይውላል። ለውድድር እንዴት እንደምትመዘገቢም የቴኒስ ፌዴሬሽኑን ጠይቂ።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይፈጥናል። ቆላ ስትወርጂ ይዘገያል፣ እዚህ በአንድ ምት የጨረስሽው ነጥብ እዚያ አምስት ምት ይጠይቅሻል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የቤዛዊትን ዳገት ሩጪ፣ እግርሽ ይጠንክር።

ቅዳሜ አባትሽን ይዘሻቸው ነይ። ጣና ዳር ቁጭ ብለን የሁለቱን ዓመት ወጪ አብረን እናሰላዋለን።